“አብሽሪ፣ ያችው ናት” ብሎ የሸጠልኝ ፊልም

ከሱቁ ከወጣሁ አንድ ሰዓት አልሞላኝም። ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። ካደርኩበት “ለ850 ብር ብዬ ነው?” ብዬ መተዌ አይቀርም። እንዲህ እያልን ስለምንተዋቸው ነው የሚጫወቱብን።

ደሴ ያላችሁ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ፒያሳ ካሉት ፊልም የሚጭኑ ሱቆች አንዱ ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ ጎኑ ላይ የተደረደሩ ሃርድ ዲስኮች፣ በር ላይ የሚጮህ ስፒከር። ፍላሽ ትሰጡታላችሁ፣ ከዝርዝሩ ትመርጣላችሁ፣ ይጭንላችኋል፣ ትከፍላላችሁ። ከተማሪነቴ ጀምሮ ፊልም የማየው እንደዚህ ነው። ደህና ሰዎች ገጥመውኛል። ይሄኛው ግን ዓይን ዓይኔን እያየ ዋሸኝ።

የፈለግሁት አንድ ፊልም ነበር። በፈረንጆቹ 2011 የወጣው “ዘ ገርል ዊዝ ዘ ድራገን ታቱ” ተከታይ ካለው ብዬ ነው የሄድኩት። ዴቪድ ፊንቸር የሠራው፣ ሩኒ ማራ ሊዝቤት ሳላንደርን ሆና የተጫወተችበት። ያየ ሰው ይገባዋል። ሌሎቹ የሃከር ፊልሞች ላይ ልጁ ኪቦርዱን ሁለቴ ይቀጠቅጥና ባንኩ ይከፈታል። ሊዝቤት ግን ትቀመጣለች። የድርጅቱን የዘመናት መዝገብና ደረሰኝ አንድ በአንድ ታገላብጣለች። ከአርባ ዓመት በፊት የጠፋችን ልጅ ጉዳይ ከወረቀት ክምር ውስጥ ቆፍራ ታወጣለች። እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ሳገላብጥ የምውል የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለዚያ ይሆናል እንዲህ የወደድኳት።

መጨረሻውን ታስታውሳላችሁ? ጉዳዩን አብሯት ለመረመረው ጋዜጠኛ፣ ለሚካኤል፣ የቆዳ ጃኬት ትገዛለች። ልትሰጠው ስትሄድ ከሌላ ሴት ጋር ያየዋል ዓይኗ። ምንም አትልም። ጃኬቱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወርውራ፣ ሞተሯን አስነስታ ትሄዳለች። አለቀ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሙሉ “ከዚያስ?” እያልኩ ነው።

ትናንት ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ከሥራ ወጥቼ፣ የሐረጎን ዳገት በታክሲ ወጥቼ፣ ቤት ሳልገባ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

“ክፍል 2 አለው?” አልኩት።

“አለ እንጂ!”

“ልጅቷ ራሷ ናት? ሰው ከተቀየረ አልፈልግም።”

“አብሽሪ እህቴ፣ ያችው ናት። ፀጉሯን ነው የቀየረችው።”

አብሽሪ አለኝ። ወሎ ውስጥ ይሄ ቃል እንዴት ያለ ቃል እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ለታመመ ነው የምንለው። ለተጨነቀ ነው የምንለው። እናቴ ለፈተና ስወጣ በር ላይ ቆማ የምትለኝ ቃል ነው። እሱን ከሰማሁ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅሁም።

ከዚያ ስክሪኑን ትንሽ ወደ ራሱ አዞረው። “አንዴ ጠብቂኝ” አለና ኪቦርዱን ነካ ነካ አደረገ። ጣቶቹን አይቻቸዋለሁ! ፊልም ለመገልበጥ እኮ መጻፍ አያስፈልግም። ምን እየጻፈ እንደነበር የገባኝ ቤት ደርሼ ነው። የፋይሉን ስም ቀይሮ መጨረሻው ላይ 2 ቁጥር እየጨመረበት ነበር። እዚያው ፊቴ። እኔ ደግሞ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፣ “እግዜር ይስጥልኝ” ልለው።

ሌላም አለ። ዝርዝሩ ላይ “ስዊድን” የሚል ፎልደር ውስጥ ሦስት ፊልሞች አይቼ ነበር። “እነዚያስ ምንድን ናቸው?” ስለው “ተያቸው፣ እንግሊዝኛ አይደሉም፣ አይታዩም” አለኝ። ተውኳቸው። በዚያ ላይ “ያንቺ ፍላሽ አይችለውም፣ ጥራቱ ከፍተኛ ነው” ብሎ አዲስ ፍላሽ በ800 ብር ሸጠልኝ። የመጫኛ 50። ማታ አሮጌው ፍላሽ ላይ ገልብጬ አየሁት፤ ተርፎት ያድራል።

ማታ እህቴና ሁለት የሥራ ጓደኞቼ መጡ። ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተቆላ። ስለ ሊዝቤት አውርቼ አውርቼ ልባቸውን ሰቅዬዋለሁ። ፊልሙ ሲጀምር ሁለት ትንንሽ እህትማማቾች አሉ፣ በረዶ አለ፤ ምንም አልጠረጠርኩም። ቀጥሎ ሚስቱን የደበደበ ሰውዬን ዘቅዝቃ የምትሰቅልበት ቦታ መጣ። ዓይኗ ዙሪያ ነጭ ቀለም ተቀብታለች። ፊቷ በደንብ አይለይም። እኔም “ይኸው መጣች!” ብዬ ጮህኩ። ቀለሙ ሲለቅ ግን እህቴ ስኒዋን አስቀመጠችና “ይቺ ንግሥቲቱ አይደለችም እንዴ?” አለች።

ክሌር ፎይ ናት። “ዘ ክራውን” ላይ ንግሥት ኤልሳቤጥን ሆና የተጫወተችው። ቤቱ ዝም አለ። ሁሉም እኔን አዩ።

እውነቱን ለመናገር ፎይ አላጠፋችም። ጎበዝ ተዋናይ ናት፤ ብቻዋን ስትሆን ዓይኗ ውስጥ ያለው ሕመም ይታያል። ታሪኩ ነው የከዳት። ያቺ ደረሰኝ የምታገላብጥ ልጅ እዚህ ፊልም ላይ የመንግሥት ሰላይ ነው የመሰለችው። የዓለምን ኒውክሌር መሣሪያ የሚቆጣጠር ፕሮግራም ትሰርቃለች፣ የሚፈነዳ ቤት ውስጥ ገንዳ ውስጥ ገብታ ትተርፋለች፣ በረዶ በሠራ ውሃ ላይ ሞተር ትነዳለች። እህቴ ሞተሩን ወዳዋለች፤ “ይሄ ምን አነሰው?” ትላለች። አንዷ ጓደኛዬ “ይሄማ ጄምስ ቦንድ ነው” ብላ ስልኳን አወጣች። ሚካኤልም ተቀይሯል። ዳንኤል ክሬግ ሲገባ ክፍሉ ይሞላ ነበር፤ አዲሱ ስቬሪር ጉድናሶን ቆሞ ከማየት ሌላ የተሰጠው ሥራ የለም። ጃኬቱስ? የጃኬቱ ነገር አንዴም አልተነሳም። እኔ እኮ የጠበቅሁት እሱን ነበር።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስልኬን ይዤ ሳገላብጥ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። የሊዝቤት ታሪክ የተወሰደው ከመጻሕፍት ነው፤ ደራሲው ስቲግ ላርሰን የሞተው በፈረንጆቹ 2004 ነው። ሦስቱ መጻሕፍት ከ2005 ጀምሮ የታተሙት እሱ ካለፈ በኋላ ነው። አራተኛውን በ2015 ያወጣው ሌላ ደራሲ ነው፣ ዴቪድ ላገርክራንትስ። ለእኔ የተሸጠልኝ በ2018 የወጣው “ዘ ገርል ኢን ዘ ስፓይደርስ ዌብ” ደግሞ ከዚያ ከአራተኛው መጽሐፍ የተሠራ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዘሎ! ዳይሬክተሩም ሌላ ሰው፣ ፌዴ አልቫሬዝ። ሠሪዎቹ ራሳቸው “አዲስ የድራገን ታቱ ታሪክ” ብለው ነው ያወጡት፤ ሰው አላታለሉም። 2 ቁጥር የጻፈበት ባለሱቁ ነው።

ያንገበገበኝ ግን “ስዊድን” የሚለው ፎልደር ነው። እዚያ ያሉት ሦስቱ በ2009 የወጡት ናቸው። ሦስቱንም መጻሕፍት በተራ ይዘዋል፣ ሦስቱም ላይ ሊዝቤት አንዲት ልጅ ናት፣ ኑሚ ራፓስ። ሰው እንዳይቀየርብኝ ነበር የጠየቅሁት። የጠየቅሁት ነገር እጁ ላይ ነበር!

ዛሬ ተመለስኩ። ቀና ብሎም አላየኝም።

“ያችው ናት አላልከኝም?”

“ፈረንጅ ሁሉ መልኩ አንድ ነው።”

“ገንዘቤን መልስልኝ።”

“የተጫነ አይመለስም። ፊልሙን አየሽው አይደል? ምን ቀረብሽ?”

ከኋላ ኳስ እያዩ የነበሩት ልጆች ሳቁ። ፍላሹን ብቻ እንዲመልስ ለመንኩት። አዎ፣ ለመንኩት። “የተከፈተ ዕቃ” አለኝ። እሺ፣ የስዊድኖቹን በምትኩ ጫንልኝ ስለው “150” አለኝ፣ እጁን ዘርግቶ። ያን ጊዜ ነው ጥዬው የወጣሁት።

እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው አስከፍቱት። የፊልሙ ስም ስክሪኑ ላይ እስኪወጣና የተዋናዩ ፊት እስኪታይ ቁሙ፤ የፋይል ስም ማንም ይጽፈዋል። ይሄን ፊልም በተመለከተ ደግሞ፣ ሩኒ ማራ ያለችበት ክፍል 2 አለ የሚላችሁ ካለ ውሸት ነው። አልተሠራም።