ልጄን መንገድ ያሳዩልኝን የሃዋርድ ሰዎች ላመስግን፣ ኮሌጅ የጀመረ ልጅ ያላችሁ እባካችሁ አንብቡት

ሰላም ወገኖቼ፣ በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ። ሁሌ የሰው ፖስት አነባለሁ እንጂ ራሴ ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ዝም ብል እግዜርም አይወደውም። ትናንት ልጄ ጥርሴን ክሊኒንግ ሰራችልኝ። የገዛ ልጄ! ሃዋርድ ዩኒቨርስቲ የጥርስ ህክምና ሶስተኛ አመት ናት፣ ክሊኒካቸው ወንበር ላይ አስተኝታኝ ፕሮፌሰሩ ከኋላዋ ቆመው እያዩ "እማዬ ትንሽ ክፈቺልኝ፣ ካመመሽ እጅሽን አንሺ" ስትለኝ እንባዬ በጆሮዬ በኩል ወረደ፣ እሷ ደግሞ አሳመምኩሽ እንዴ ብላ ደነገጠች። ምንም አላመመኝም።

ነገሩን ከስሩ ልንገራችሁ። እዚህ አገር እንደመጣሁ ኢንሹራንስ ስላልነበረኝ መንጋጋዬን ሁለት አመት በቅርንፉድ ነው ያስታመምኩት። በመጨረሻ አልቻልኩም ጥርስ ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ የ12 አመት ልጄ አስተርጓሚ ሆና ገባች። ሰውየው አንዴም ወደኔ ሳያይ ለሷ "ንገሪያት" "ንገሪያት" እያለ ነቅሎ አሰናበተኝ፣ ለምን እንደተነቀለ እንኳን ሳልረዳ ወጣሁ። ስሙን አልጠራም፣ ይቅር። መኪና ውስጥ "እኔ የጥርስ ሐኪም እሆናለሁ፣ እንደሱ ሳይሆን ላንቺ ለራስሽ ነው የማወራው" አለችኝ። የልጅ ወሬ መስሎኝ ነበር።

ከዛ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገባችና ይሄንኑ ለአማካሪዋ ብትነግረው፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋሽ ነው ይከብድሻል፣ የጥርስ ሐኪም ረዳትነት፣ አሲስታንትነት ተማሪ፣ ቶሎ ስራ ታገኛለሽ ብሎ ወረቀት አስይዞ መለሳት። አሲስታንት መሆን ክቡር ስራ ነው፣ እሷ ግን የጠየቀችው ሌላ ነው። ማርኳን እንኳን ከፍቶ አላየም! እሱ ሳያንስ ከኛው ሰው አንዱ ማመልከቻ አዘጋጅላታለሁ ብሎ 800 ዶላር ተቀበለኝ፣ የሆቴል ጽዳት ደሞዜ ነው ይሄ። የላከልን ድርሰት ውስጥ "አባቴ ወታደር ስለነበር" ይላል፣ አባቷ ታክሲ ነጂ ነው እኮ! የሌላ ልጅ ድርሰት ስሟን ቀይሮ ነው የሸጠልን። ስደውል ስልኩን ዘጋው። ያን ሰሞን ልጄ ምግብ እንኳን በትክክል አትበላም ነበር።

የላብ ጓደኛዋ አንዲት ናይጄሪያዊት ናት ስለ አንድ የሰመር ፕሮግራም የነገረቻት፣ እሷንም እግዜር ይባርካት። ሰመር ሄልዝ ፕሮፌሽንስ ኤዱኬሽን ፕሮግራም ይባላል፣ ልጆቹ ሽፔፕ ይሉታል። ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም፣ ፋርማሲስት ምናምን መሆን ፈልገው መንገዱን የሚያሳያቸው ሰው ለሌላቸው ልጆች ነው፣ ያኔ ኮሌጅ አንደኛና ሁለተኛ አመት ላይ ያሉትን ነበር የሚቀበሉት፣ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪም ይገባ ነበር። ከአስር በላይ ዩኒቨርስቲዎች ላይ ነበር፣ እሷ 2019 ሰመር ሃዋርድ ደረሳት፣ ስድስት ሳምንት። መኝታው ነፃ፣ ምግቡ ነፃ፣ ትምህርቱ ነፃ፣ ጭራሽ የኪስ ገንዘብ ሰጧት። እኔ ያ 800 ዶላር ስላቃጠለኝ መጨረሻ ላይ ምን ሊጠይቁን ነው እያልኩ ስጠብቅ ነበር፣ ምንም አልጠየቁንም። ሮበርት ዉድ ጆንሰን የሚባል ፋውንዴሽን ነው ወጪውን የቻለው።

ባለቤቴ ግን እምቢ አለ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር ቅርብ አይደለም ወይ፣ ለምን ውጪ ታድራለች ብሎ ድርቅ አለ። ልጅቷ አልቅሳ ለፕሮግራሙ ሰዎች ስትነግራቸው አንዲት ጸጉራቸው የሸበተ ሴትዮ እኔ ጋ ራሳቸው ደወሉ። ቀስ እያሉ፣ ያልገባኝን እየደጋገሙ አወሩኝ፣ በማግስቱ ኑና ክፍሏን እዩ አሉን ሄድን። አልጋዋን አሳዩን፣ የበሩን ቁልፍ ባለቤቴ እጅ ላይ አድርገው ዝጋና ሞክረው አሉት። ከዛ እኔን ልጅሽ ምን ትበላለች አሉኝ። የሰኔ ጾም ሊገባ ነው፣ ስጋ፣ እንቁላል፣ ወተት አትነካም አልኳቸው። መቼ ነው የምትፈታው አሉኝ፣ ጁላይ 12 ነው ግን ዘንድሮ አርብ ስለዋለ ቅዳሜ ነው የምትበላው ስላቸው ቢጫ ወረቀት አውጥተው "ቅዳሜ" ብለው ጻፉ። ለጨዋታ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ምግብ ሳያጡባት ጾሟን ጨረሰች፣ ቅዳሜዋ ስትደርስ ሴትዮዋ በእረፍት ቀናቸው መጥተው እንቁላል ያለበት ቁርስ በር ላይ ሰጧት። ልጄ ፎቶውን ስትልክልኝ ባለቤቴ ስልኩን ይዞ ብዙ ዝም አለና "ሰው አለ ለካ" አለ። እኚህን ሴት በምን ቃል ላመስግን? እድሜ ከጤና ይስጥልኝ፣ የልጆቻቸውን ፍሬ ያሳያቸው!

ምን እንዳስተማሯት አትጠይቁኝ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ብቻ አይደለም። ከሰም ጥርስ ያስቀርጿቸው ነበር፣ የመጀመሪያዋን በሶፍት ጠቅልላ አምጥታልኛለች፣ እስከዛሬ ከስኒዎቼ ጋር ቡፌ ላይ ናት፣ አንድ ጎኗ ትንሽ ተጎድቷል። ዳት የሚባል የመግቢያ ፈተናም አላቸው፣ ወረቀት ታጥፎ ተበስቶ ሲዘረጋ ቀዳዳው የት የት ይሆናል የሚል ጥያቄ አለው። እቤት መጥታ ናፕኪኔን ሁሉ እያጠፈች በመብሻ ስትበሳ ከርማ እንግዳ ሲመጣ የማቀርበው በሙሉ ወንፊት ሆኖ አገኘሁት።

የመጀመሪያ ፈተናዋ ጥሩ አልመጣላትም፣ አንድ አመት ሰርታ ደግማ ወሰደች። ያኔም ቢሆን ሰመር ላይ ታስጠናት የነበረች የጥርስ ህክምና ተማሪ በስልክ አልተለየቻትም፣ ድርሰቷን ሶስት ጊዜ ነው አንብባ ያረመችላት፣ በነፃ። የ12 አመት ልጅ ሆና እናቷን ያስተረጎመችበትን ጻፊ ያለቻት እሷ ናት። የማመልከቻ ክፍያው ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት ከ250 ዶላር በላይ፣ ከዛ ለያንዳንዱ ከ100 በላይ ነበር፣ እሱንም ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ እርዳታ አለ ብላ ያሳየቻት እሷው ናት፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች ሸፈኑላት። የዛን ሰውዬ 800 ዶላር አስቡት እስቲ!

ልጄ እንደምትለኝ በዚህ አገር ጥቁር የጥርስ ሐኪም ከመቶ አራት እንኳን አይሞላም። ሃዋርድ ደግሞ ከ1881 ጀምሮ የጥርስ ሐኪም ሲያወጣ የኖረ ነው፣ እኔ እዛው አጠገቡ ዩ ስትሪት ሬስቶራንት ውስጥ አራት አመት ሳህን ሳጥብ በሩ የት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስንቶቻችን ነን በዛ በር በየቀኑ የምናልፈው!

እባካችሁ እባካችሁ፣ ልጃችሁ ኮሌጅ ጀምሮ ከሆነ ሶስተኛ አመት እስኪደርስ አትጠብቁ፣ እንዲህ ያለው ፕሮግራም ያልፈዋል። ልጄ ለሰመር ፕሮግራሙ ስታመለክት ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ነበር፣ ግሪን ካርድ ያለውም ይችል ነበር፣ ማርክም ከ2.5 በላይ ነው የጠየቁት፣ የግድ 4.0 አልነበረም። ዘንድሮ መኖሩን ዌብሳይታቸው ላይ እዩ፣ ሃዋርድ የጥርስ ህክምና ትምህርት ቤትም ደውላችሁ ጠይቁ። ገንዘብ ክፈሉ የሚላችሁ ሰው ከመጣ ደግሞ አትስጡት። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ልጄ ማታ ማታ ከክሊኒክ ስትገባ ትመልስላችኋለች፣ አስፈቅጃታለሁ።