የጋለ አረር ወይስ ቅምቡላ? የእንጨት መርከብን ማቃጠል

የመድፍ ድፍን አረር የእንጨት መርከብን ይበሳል እንጂ በቀላሉ አያሰጥምም፤ መርከበኛ አብዝቶ የሚፈራው እሳትን ነው።

የጋለ አረር፣ ማለትም በእሳት እስኪቀላ የጋለ ድፍን አረር፣ ሥራው ምድጃው ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ የባሕር ዳር ምሽጎች፣ ከቀዝቃዛ ምድጃ ተነስቶ ባለ 24 ፓውንድ አረርን ለማቅላት 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር፤ ምድጃው ከጋለ በኋላ 25 ደቂቃ ይበቃል። አጎራረሱ ደግሞ ቅደም ተከተል አለው፦ ባሩድ፣ ደረቅ ውታፍ፣ ውሃ የጠጣ ውታፍ ወይም የሸክላ ጭቃ፣ ከዚያ አረሩ። እርጥቡ ውታፍ ከተረሳ ባሩዱ ተኳሾቹ ላይ ይነዳል። ከልክ በላይ የጋለ አረር ቅርፊት አውጥቶ ቅርጹ ይበላሽና አፈሙዝ ውስጥ ይቀረቀራል። ባሩዱም ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ የፈጠነ አረር አየር እስከማያገኝበት ድረስ ይቀበራል ወይም በስቶ ያልፋል፣ የዘገየው ግን እንጨቱ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀስ እያለ ያቀጣጥለዋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1782 የእንግሊዞችን ምሽግ ጂብራልታርን የከበቡትን 10 ተንሳፋፊ ባትሪዎች (መድፍ የተጠመደባቸው ተንሳፋፊ ምሽጎች) ለጥፋት የዳረገው በዋናነት ይኸው ነው።

ቅምቡላ፣ ማለትም የሚፈነዳ አረር፣ ምድጃ አያስፈልገውም። ባዶ ሆዱ በባሩድ ይሞላል፣ መለኮሻው በተኩሱ ነበልባል ይያያዛል። ድክመቱም መለኮሻው ነው፦ ይጠፋል፣ አለዚያም ያለጊዜው ያፈነዳዋል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1853 በጥቁር ባሕር ወደብ ሲኖፕ ላይ የሩሲያ ቅምቡላዎች የኦቶማንን ጓድ አወደሙ።

ለምሽግ የጋለ አረር ይሻል ነበር፤ ርካሽ ነው፣ የተሰነቀረበትን ቦታ ፈልጎ ማጥፋትም አስቸጋሪ ነው። በሚናወጥ መርከብ ላይ ግን ክፍት እሳትን ከባሩድ ጋር ማኖር አደገኛ ነውና ቅምቡላ ይመረጥ ነበር። ብረት ለበስ መርከብ ሲመጣ የጋለው አረር የሚያቀጣጥለው እንጨት አጣ።