«እሱ ማሳያ ነው»፦ ቱሉ ዲምቱ በኩል የሴቶች ዶርም ለምትፈልጉ

ከትናንት በስቲያ ከግቢ ውጭ ባለ የግል የሴቶች ዶርም ለአንድ አልጋ 15,300 ብር ከፈልኩ፤ ዛሬ ከሰዓት ፍራሼን ባጃጅ ላይ አስሬ ወጣሁ። ብሩ እዚያው ቀርቷል። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፤ የዩኒቨርሲቲ የጥሪ ማስታወቂያ ወጥቶ አዲስ ገቢ ተማሪዎች አንሶላና ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ሲመጡ በር ላይ የሚጠብቋቸው እነዚሁ ሰዎች ናቸውና።

ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ዋናው በር አጠገብ ጥርሱን እየፋቀ የሚቆመው ደላላ፣ «እህት፣ ዶርም ነው? ለግቢ አምስት ደቂቃ» የሚለው። አምስት ደቂቃው በባጃጅ ነው፤ በእግር ሃያ አምስት። ከዚያ «ለሴት ተማሪዎች ብቻ፣ ውኃ 24 ሰዓት፣ ዋይፋይ፣ ጥበቃ» የሚል ባነር የተሰቀለበት ጂ ፕላስ ቱ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ «ልጄ» የምትል፣ «እኔም ሴት ልጅ አለችኝ» የምትል፣ ሳትጠየቅ ቡና የምታቀርብ ባለቤት። እኔም «እትዬ» አልኳት። ከዛሬ ጀምሮ ሴትዮዋ ናት።

ማን ወደ እነሱ እንደሚሄድ አሳምረው ያውቃሉ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አልጋ በቅድሚያ የሚመደበው ለመደበኛ የቅድመ ምረቃ ተማሪ ነው። የማታ ተማሪ፣ የቅዳሜና እሑድ ተማሪ፣ በግሉ ከፍሎ ማስተርስ የሚማር፣ አቋርጦ የተመለሰ፣ እነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ «ቦታ ካለ» ነው የሚባሉት፤ ቦታ ደግሞ የለም። ምዝገባ የሦስት ቀን ነገር ነው፤ ሻንጣው ጓደኛ ክፍል ወለል ላይ ተቀምጧል፤ ፕሮክተሯ (የግቢው ዶርም ተቆጣጣሪ) «እንግዳ አያድርም» ብላ ሁለት ጊዜ ተናግራለች። እንዲህ ያለ ሰው ዋጋ አይከራከርም። እኔም አልተከራከርኩም።

(በነገራችን ላይ መደበኛ ሆናችሁ ውጭ ለማደር የምትወስኑ፦ የኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት) ቅጹ ላይ የምግብና የመኝታ አገልግሎት የሚለውን ሳታዩ አትፈርሙ። ግቢ ውስጥ ያልተኛችሁበት አልጋ ዕዳችሁ ውስጥ ይገባና ከተመረቃችሁ በኋላ ከደመወዛችሁ ትከፍሉታላችሁ። ይሄን በየዓመቱ ሰው ይረሳዋል።)

ሂሳቡ እንዲህ ነበር። አልጋ በወር 3,500፤ የሦስት ወር ቅድሚያ 10,500። ማስያዣ የአንድ ወር 3,500። መመዝገቢያ 1,000። የቁልፍ 300። ሁሉም በቴሌብር፣ ወደ ድርጅት ሳይሆን ወደ ግለሰብ ስም። የተሰጠኝ ወረቀት ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛው ባለ ካርቦን ጥራዝ ነው፤ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር የለው፣ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ አይደል። ማኅተሙ ላይ ያለውን ዛሬ ነው ያነበብኩት፦ «የሕንፃ መሣሪያ ንግድ» ይላል። የምተኛበትን አልጋ ከሚስማር ነጋዴ ነው የገዛሁት።

ክፍሉን አሳይተውኝ ነበር፤ ይህ ነው የሚያናድደው። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁለት ተደራራቢ አልጋ፣ አራት ሰው፤ መስኮቱ ፀሐይ ያስገባል፤ ክሬም ቀለም ያለው መጋረጃ፤ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ። አልጋዎቹ ላይ የሰው ልብስ አልነበረም፣ ጫማ አልነበረም፣ የሻምፑ ዕቃ አልነበረም። ወር በገባ በሃያኛው ቀን አራት ሴቶች ይኖሩበታል የተባለ ክፍል ውስጥ አንዲት የፀጉር ማስያዣ እንኳ አልወደቀችም። አላየሁም? አይቻለሁ። «ሲያጸዱ እንዴት ጎበዞች ናቸው» ብዬ አለፍኩት። እኔ እኮ ግቢ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ የዶርም ብሎክ ተጠሪ ሆኜ አልጋ የቆጠርኩ፣ ፍራሽ የተረከብኩ፣ ክሊራንስ ላይ የፈረምኩ ሰው ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ዕቃዬን ይዤ ስመጣ የዶርሙ ጸሐፊ ወደ ደረጃው አልሄደችም። ቁልፍ አንስታ በሕንፃው ጎን በኩል አለፈች፤ እኔም ፍራሽ ተሸክሜ ተከተልኩ። ከኋላ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ሰርቪስ ቤት አለ። ከፈተችው። ሦስት በአምስት ሜትር ክፍል፣ ስድስት ተደራራቢ አልጋ፣ አሥራ ሁለት ሰው። ቁጥር ለምትወዱ፦ አንድ አልጋ 90 ሳንቲ ሜትር በ1 ሜትር ከ90 ነው፤ ስድስቱ ከአሥር ካሬ በላይ ይይዛሉ። ለአሥራ ሁለት ሴት፣ ለአሥራ ሁለት ሻንጣ፣ ለጫማና ለባልዲ የሚቀረው አምስት ካሬ አይሞላም። መስኮቱ አንድ፣ እሱም ወደ መጸዳጃው።

«ያሳያችሁኝ ክፍልስ?» አልኳት።

«የቱን?»

«ፎቅ ላይ ያለውን፣ ባለ መጋረጃውን።»

«እሱ ማሳያ ነው» አለች። ማስቲካዋን እያኘከች፣ ቁልፉን እየዘረጋችልኝ፣ ሞባይል ሱቅ ውስጥ ባትሪ የሌለው የማሳያ ስልክ እንዳነሳሁባት ያህል ነው ያየችኝ።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ በር ተንኳኳ፤ ከገጠር የመጡ የሚመስሉ እናትና ልጅ ገቡ። ጸሐፊዋ ትታኝ ሄደች። ደረጃውን ሲወጡ ድምፁ ይሰማኛል፦ የበር መክፈቻው፣ የመጋረጃው ቀለበት ሲንሸራተት፣ ከዚያ ሴትዮዋ ራሷ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ ለእኔ ባለችው ቃል፦ «ይኸውልሽ ልጄ፣ ፀሐይዋ ጠዋት ጠዋት ቀጥታ አልጋሽ ላይ ነው።» ለእኔም ፀሐይዋን ሸጣልኝ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው የሚተኛበት ቆርቆሮ በር ላይ ጀሪካኔን ይዤ ቆሜ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ ሰማሁት።

ሲወርዱ እናቲቱን «እናቴ፣ ይሄን የታች ክፍል ሳያዩ አይክፈሉ» አልኳቸው። ጸሐፊዋ ሳቀች። «እሷ ብር ጎድሏት ነው፣ አይስሟት» አለቻቸው። ይከፍሉ አይከፍሉ አላውቅም።

ብሬን ስጠይቅ «ልጄ» ቀረ። «እህት፣ ደንብ ደንብ ነው» ሆነ። ጸሐፊዋ ወረቀቴን ገልብጣ በጥፍሯ ጀርባውን መታች፤ «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚል ማኅተም ተመትቷል። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ በሌላ እጇ ቲክቶክ እያሳለፈች ነው። «የተስማማነው አልጋ ነው፤ አልጋ ሰጥተንሻል» አለች። እውነቷን ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው «አንድ አልጋ» ብቻ ነው። ፎቅ የለ፣ የክፍል ቁጥር የለ፣ ስንት ሰው እንደሚተኛ የለ።

ተንኮሉ ሁሉ ያለው ቃሉ ላይ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ስመለስ ነው የገባኝ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ብታነቡት «ኪራይ» የሚል የለም፤ «አከራይ» «ተከራይ» የለም። «አገልግሎት ሰጪ» እና «ተጠቃሚ» ነው። ለምን? ኪራይ ከተባለ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይመጣባቸዋል፦ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሠላሳ ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። የእኔ ሁለት ወር 7,000 ነበር፤ ማስያዣውን ሳልጨምር እንኳ 10,500 ወስደዋል። ሆቴልና ጌስት ሃውስ ደግሞ በዚያ አዋጅ አይገዙም፤ ስለዚህ የኪራይ ሕግ ሲነሳ «እኛ አገልግሎት ነን» ይላሉ። እሺ፣ አገልግሎት ከሆናችሁ የንግድ ፈቃዳችሁ የት ተለጥፏል፣ ደረሰኝ ቁረጡልኝ ስትሏቸው «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ ልጆች ነው የምናኖረው» ይላሉ። ለኪራይ ሕጉ ሆቴል፣ ለግብር ቤተሰብ።

«መመዝገቢያ» የተባለው 1,000 ብርም እንደዚሁ ነው። ቀብድ ብለው ቢጽፉት ኖሮ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ራሱ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። እኔ ደግሞ ሴትዮዋን ጠይቄያታለሁ፣ «ቀብድ ነው አይደል?» ብዬ። «ኧረ መመዝገቢያ ነው፣ ስምሽን እንድንይዝልሽ» አለች። አንድ ቃል ነግራኛለች፤ ቃሏን አልሰማሁም፣ ቡናዬን ጠጣሁ።

ሰርቪሱ ውስጥ ከሚኖሩት ልጆች ጋር አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ያገኘሁትንም ልንገራችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ማንም የማይነግራችሁን። የ24 ሰዓት ውኃ የተባለው ጣሪያ ላይ ያለ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ነው። በዶርሙ ቅጥር ውስጥ አርባ ሴት አለ፤ ሞልቶ እንኳ ለሰው 50 ሊትር። ውኃ በፈረቃ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ በቀን ለሰው 14 ሊትር ገደማ፣ አንዲት ጀሪካን እንኳ የማትሞላ፣ ለመታጠቢያ፣ ለልብስ፣ ለመጸዳጃ። የውኃ ቀን የሚባለው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስቶ መቅዳት ነው።

ምድጃ «ይቻላል» ይላሉ። ይቻላል፤ በወር 500 ብር ይጨመራል፣ ይህም ከገባችሁ በኋላ ነው የሚነገረው። ሰርቪሱ የተሠራው ለአንድ አምፖልና ለአንድ ሶኬት ነው። ባለ 2,000 ዋት ምድጃ ዘጠኝ አምፔር ይስባል፤ ሁለት ሲሰካ አሥራ ስምንት ነው፤ ባለ አሥራ ስድስት አምፔሩ ብሬከር ቆይቶ ይወርዳል፣ አሥራ ሁለት ሰው በጨለማ ይቀራል፣ ማብሪያው ያለው የጸሐፊዋ ክፍል ውስጥ ተቆልፎ ነው። አንዷ ልጅ ብሬከሩን በትልቅ ሊቀይሩት እንዳሰቡ ነገረችኝ። ገመዱ ሳይቀየር ብሬከሩ ከተቀየረ የሚሞቀው ገመዱ ነው፤ ከቆርቆሮና ከስፖንጅ መሀል። ይሄን በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ።

ትኋኑን አላወራም። ፍራሻቸውን ትታችሁ የራሳችሁን ብትወስዱም የብረት አልጋው መጋጠሚያ ውስጥ ነው ያለው።

በሩ ደግሞ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። የማታ ትምህርት የሚያልቀው ሁለት ተኩል ነው! ለማታ ተማሪዎች አልጋ እየሸጡ ሁለት ሰዓት ይዘጋሉ፤ ካመሻችሁ «የጥበቃ» 50 ብር በየምሽቱ። በሳምንት አምስት ቀን ለሚማር ሰው በወር ሺህ ብር ማለት ነው። 3,500 የተባለው አልጋ ከምድጃውና ከ«ጥበቃው» ጋር 5,000 ሆነ።

ምክር ካላችሁኝ አጭር ነው። የአልጋውን ቁጥር፣ ፎቁንና በክፍሉ ስንት ሰው እንደሚያድር ወረቀቱ ላይ ሳያሰፍሩ አትክፈሉ። ክፍሉን ማታ እዩት፣ ሰው በተኛበት። ቤቱ በአዲስ አበባ ሥር ይሁን በሸገር ከተማ ጠይቁ፤ ገላን በኩል ከሆነ አቤት የምትሉበት ወረዳ ሌላ ነው፤ ደላላው ሁሉንም ቱሉ ዲምቱ ነው የሚለው። ግቢ ውስጥ ያለ አልጋ «በፕሮክተር በኩል አስገባሻለሁ» የሚላችሁንም አትስሙት፤ ያ አልጋ የማንም ስላልሆነ የመታወቂያ ቁጥጥር በመጣ ቀን ብራችሁም አልጋችሁም የለም።

ነገ ወረቀቱን ይዤ ወረዳ እሄዳለሁ። የማኅተሙን ፎቶ አንስቻለሁ፣ የቴሌብር መልእክቱም አለ። ጸሐፊዋ ከወጣሁ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውላለች፤ ስለ ብሩ አይደለም፣ የሰርቪሱን ቁልፍ ሳልመልስ ወጥቻለሁ። 300 ብር ከፍዬበታለሁ፤ አላነሳሁላትም።