«ተመሳሳዩን ፖሊሲ በርካሽ» ለሚላችሁ ኤጀንት ከመፈረማችሁ በፊት

ይህ ጽሑፍ በተለይ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ቤት ለገዛችሁ ወገኖች ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም አብዛኛው ይመለከታችኋል። የቤት ኢንሹራንስ ዋጋ በየዓመቱ እየጨመረ ሁሉም ሰው ተማሯል፤ ቢማረርም አይፈረድበትም። ይህን ያዩ ኤጀንቶች ስልካችንን ከየማኅበሩና ከየዕድሩ እየለቀሙ መደወል ይዘዋል፦ «አሁን ያለዎትን ፖሊሲ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ ተመሳሳዩን በዓመት 600፣ 700 ዶላር ቀንሼ አመጣልዎታለሁ።» አማርኛ ይናገራሉ፤ ትሁት ናቸው፤ ስለ ልጆቻችሁ ይጠይቃሉ። በእርግጥም የተሻለ ዋጋ የሚያመጡ አሉ፤ እነሱን እግዜር ይስጣቸው። የማስጠነቅቃችሁ «ተመሳሳይ» እየተባለ ስለሚሸጠውና ተመሳሳይ ስላልሆነው ነው።

ጎረቤትና ዘመድ «እስቲ ይህን እየው» እያለ ከሚያመጣልኝ ወረቀት የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፤ ቅናሹ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከኩባንያው ቸርነት ሳይሆን ከሽፋኑ ተቆርጦ ነው። ሰው ፖሊሲ አያነብም፤ የዓመቱን ክፍያ አይቶ ይፈርማል። ኤጀንቱም ይህን ያውቃል። የአሮጌውንና የአዲሱን ዴክላሬሽን ፔጅ (ሽፋኑና መጠኑ የተዘረዘረበትን ገጽ) ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የቤቱ ሽፋን 450,000፣ የዕቃው የዚያ ግማሽ፣ ሰው ቤታችሁ ውስጥ ቢጎዳ የምትጠየቁበት 300,000 ይላል፤ ሁለቱም ላይ አንድ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በታች በኮድ ቁጥር ብቻ የተዘረዘሩት ኢንዶርስመንቶች (ከፖሊሲው ጋር የሚያያዙ ማሻሻያ አንቀጾች) ውስጥ ነው። አንዱ ኮድ ሽፋን ይጨምርላችኋል፣ ሌላው ይወስድባችኋል፤ ካልጠየቃችሁ ግን የቱ ምን እንደሚያደርግ የሚነግራችሁ የለም።

ከውሃ ልጀምር። እኛ አካባቢ ቤት ከሚቃጠልበት ይልቅ ቤዝመንት የሚረጥብበት ጊዜ ይበዛል። ኢንሹራንስ ደግሞ ውሃን ሁሉ በአንድ ዓይን አያይም። በዊንተር ቧንቧ ድንገት ፈንድቶ ሳሎናችሁን ቢሞላው በተለመደው ፖሊሲ ይሸፈናል። ያው ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ለወራት ጠብ ጠብ ሲል ከርሞ እንጨቱን አበስብሶት ቢገኝ ግን «ቀስ በቀስ የደረሰ ጉዳት፣ የጥገና ጉድለት» ተብሎ ይመለሳል፤ የሻጋታው ማጽጃም እንዲሁ። ከወለል ድሬይን (ከፍሳሽ መውረጃው) ወደ ላይ የሚገነፍለው፣ ወይም ሳምፕ ፓምፑ (ከቤዝመንት ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጭ የሚገፋው) ሲቆም ቤዝመንቱን የሚሞላው ውሃ ሌላ ነው፤ ይህ ለብቻው ተከፍሎበት ካልተጨመረ አይሸፈንም። ከውጭ መሬት ለመሬት የሚመጣው፣ ማለትም ጎርፍ፣ ደግሞ ከቤት ኢንሹራንስ ፈጽሞ የወጣ ነው።

ድሬይኑ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የተጎዳው እዚያ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ የማውቀው ቤተሰብ ቤዝመንቱን አሳምሮ ሠርቶ፣ ወለል አንጥፎ፣ መታጠቢያ ቤት አስገብቶበት ነበር። አንድ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ፣ መብራት ሄደ፣ ፓምፑ ቆመ። ጠዋት ውሃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነበር። ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ሲያስገቡ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነው፤ የድሬይንና የሳምፕ ፓምፕ ሽፋን ፖሊሲያችሁ ላይ የለም። አሮጌው ፖሊሲ ላይ ግን ነበር፤ እስከ 10,000 ዶላር የሚከፍል። «ተመሳሳዩን» ያመጣላቸው ሰው ነው ያወጣው። ይህ ሽፋን በአብዛኛው በዓመት ከመቶ ዶላር ብዙም የማይርቅ ነገር ነው። በሜሪላንድ ሕግ ኩባንያው ከድሬይን ለሚገነፍል ውሃ የሚሆነውን ሽፋን እንዲያቀርብላችሁ ግዴታ አለበት። ቀርቦላችሁ «አልፈልግም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎበት ከተገኘ ግን ፊርማው የእናንተ ነው። ያ ሳጥን በስልክ በሚላክ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ በጣት ነካ ነካ ተደርጎ የሚታለፍ ነው።

ስለ ጎርፍ አጭር ልበል። ሽፋኑን የምታገኙት ከፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ወይም ከግል ኩባንያ ነው። የፌዴራሉ ለመኖሪያ ቤት እስከ 250,000፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይከፍላል፤ ቤት ስትገዙ ከብድሩ ጋር ካልተያያዘ በስተቀር የሚጀምረው ከገዛችሁ ከ30 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ማዕበል መጣ ሲባል ሮጦ መግዛት አይረባም። ሌላም ወጥመድ አለው፦ ቤዝመንትን የሚሸፍነው በጥቂቱ ነው። ማሞቂያውን፣ የውሃ ቦይለሩን፣ የመብራት ሳጥኑን ይላል፤ ምንጣፉን፣ ሶፋውንና ያማረውን ወለል አይልም። «እኔ የጎርፍ ዞን ውስጥ አይደለሁም» የምትሉ በእ.ኤ.አ. 2016 ሐምሌና በ2018 ግንቦት ኤሊኮት ሲቲ የደረሰውን አስታውሱ፤ ሁለቱም ጊዜ ዋናውን መንገድ የወሰደው በጥቂት ሰዓት የወረደ ዝናብ ነው።

አሁን ወደ ጣሪያው። እዚህ ላይ ነው ርካሹ ፖሊሲ ሌባ የሚሆነው። ሁለት ነገር አብረው ይቀየራሉ። አንደኛው የጣሪያው ክፍያ በአዲስ ከሚተካበት ዋጋ ወደ ያረጀ ዋጋ ይወርዳል፤ ማለትም ጣሪያችሁ በኖረበት ዕድሜ ልክ ይቀነሳል። ሁለተኛው ለነፋስና ለበረዶ የሚሆነው ዲደክቲብል (ከካሳው ላይ ተቀንሶ እናንተ ከኪሳችሁ የምትችሉት) በዶላር መሆኑ ይቀርና በመቶኛ ይሆናል። 2 በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ ግን የሚሰላው ከጉዳቱ ላይ ሳይሆን ከቤቱ ሽፋን ላይ ነው። የ450,000 ሁለት በመቶ 9,000 ዶላር ነው። እናስላው፦ 20 ዓመት ይኖራል ተብሎ የሚታሰብ ጣሪያ 15 ዓመት ቆይቶ በረዶ ደበደበው እንበል፤ አዲስ ለማስገባት 16,000 ይፈጃል። የ15 ዓመቱ እርጅና 12,000 ይበላዋል፣ 4,000 ይቀራል። ከዚያ ላይ 9,000 ዲደክቲብል ይቀነሳል። የሚደርሳችሁ ባዶ ነው። በአሮጌው ፖሊሲ፣ አዲስ በሚተካውና ዲደክቲብሉ 1,000 በሆነው፣ 15,000 ይከፈላችሁ ነበር። ይህን ካሰላችሁ በኋላ የተረፈው 600 ዶላር ርካሽ ይመስላችሁ እንደሆነ ራሳችሁ ፍረዱ።

የቤቱን ሽፋን ራሱን ዝቅ አድርጎ ዋጋ መቀነስም አለ። ቤታችሁን በስንት እንደገዛችሁት ሳይሆን ተቃጥሎ ቢያልቅ እንደገና ለመሥራት ስንት እንደሚፈጅ ነው የሚታየው፤ መሬቱ አይቃጠልም። በተለመደው ፖሊሲ ሽፋናችሁ ከመልሶ መሥሪያው ዋጋ 80 በመቶ በታች ከሆነ ኩባንያው በከፊል ጉዳት ላይም ሙሉ የመተኪያ ዋጋ አይከፍልም። ለመሥራት 500,000 ለሚፈጅ ቤት ቢያንስ 400,000 ያስፈልጋል። 300,000 ብቻ ካላችሁ ከሚያስፈልገው ሦስት አራተኛ ላይ ናችሁ፤ ኩሽና ተቃጥሎ 80,000 ቢያስወጣ የመተኪያው ስሌት 60,000 ነው የሚያወጣላችሁ፤ ከዚያ ላይ ዲደክቲብሉ ይነሳል። ሰው «ቤቴ ሙሉ አልተቃጠለ፣ ሽፋኔ ይበቃል» ብሎ ያስባል፤ ስሌቱ ግን እንደዚያ አይሄድም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ማመልከቻው ነው። ኤጀንቱ ዋጋው እንዲወርድ ጥያቄዎቹን ራሱ ይመልሳል። ጣሪያው ስንት ዓመቱ ነው? «አምስት።» ቤት ውስጥ የሚከራይ ክፍል አለ? «የለም።» የንግድ ሥራ ይሠራል? «አይሠራም።» ከዚያ ሊንክ ይልክላችኋል፣ ትፈርማላችሁ። እሱ ኮሚሽኑን ወስዶ ይሄዳል። ከፍተኛ ጉዳት የደረሰ ቀን ኩባንያው ያንን ማመልከቻ አውጥቶ «የተሳሳተ መረጃ ሰጥታችኋል» ብሎ ክፍያ ሊከለክል፣ ፖሊሲውንም እንደሌለ ሊቆጥረው ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ያን ያህል እንኳ አይቆይም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርማሪ ልኮ ጣሪያውን ፎቶ ያነሳና ይሰርዘዋል፤ አሮጌውን ፖሊሲ ሰርዛችኋልና በመሀል ያለ ኢንሹራንስ ትቀራላችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

የእኛ አኗኗር ደግሞ ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ መልስ የለውም፤ እውነቱን እንነጋገር። ስንቶቻችን ነን ቤዝመንት የምናከራየው? ከተከራየው ክፍል የሚሰረቅ ዕቃ በተለመደው ፖሊሲ አይሸፈንም፤ የተከራዩ ንብረትማ ጭራሽ የእናንተ ኢንሹራንስ ጉዳይ አይደለም፤ የራሱን የተከራይ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ንገሩት፤ ርካሽ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ዴይኬር የምትሠሩ እህቶች፣ አንድ ልጅ ደረጃ ላይ ወድቆ ቢጎዳ ተራው የቤት ፖሊሲ «ንግድ ነው» ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ የዴይኬር ሽፋን መጨመሩን በጽሑፍ አረጋግጡ። እንጀራ ጋግራችሁ ለሱቅና ለቤት ለቤት የምትሸጡም እንዲሁ ናችሁ፤ ምጣዱና ማቡኪያው የንግድ ዕቃ ነው፣ በብዙ ፖሊሲ የንግድ ዕቃ ቤት ውስጥ እስከ 2,500 ዶላር ብቻ ነው የሚሸፈነው፣ በምግቡ የታመመ ሰው ቢከስስ ደግሞ ምንም።

ወርቅ። የእናታችሁ፣ የሠርጋችሁ፣ የልጃችሁ ክርስትና ሁሉ ተደምሮ ቢሰረቅ በተለመደው ፖሊሲ የሚከፈለው በጠቅላላ 1,500 ዶላር አካባቢ ነው፤ ለአንዱ ሳይሆን ለሁሉም። ጥሬ ገንዘብ 200 ዶላር። የዕቁብ ገንዘብ ቤት የምታሳድሩ ይህን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት። ወርቁን አስገምታችሁ እያንዳንዱን በዝርዝር ፖሊሲው ላይ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ጥቂት ያስጨምራል።

ገናንና ጥምቀትን አገር ቤት ለማክበር የምትሄዱ ደግሞ የምትሄዱት ልክ ቧንቧ በሚፈነዳበት ወር ነው። ሂተሩን አጥፍታችሁ፣ ውሃውን ሳትዘጉ ብትሄዱና ቧንቧው በብርድ ቢፈነዳ ኩባንያው ላለመክፈል ጥሩ ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ፖሊሲው የሚለው ወይ ሙቀቱን ጠብቁ፣ ወይ ዋናውን ውሃ ዘግታችሁ ከቧንቧው አፍስሱት ነው። የሚያይላችሁ ሰው አኑሩ። ዕቃውን አውጥታችሁ ለሽያጭ ባዶ ያደረጋችሁት ቤት ከሆነ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ከ60 ቀን በኋላ፣ በማን አለብኝነት ለሚደርስ ጥፋት የሚከፍለው ሽፋን ይቋረጣል።

የመሬት መንቀጥቀጥም አይሸፈንም፤ «እዚህ የለም» የሚል ካለ በእ.ኤ.አ. ነሐሴ 2011 ቨርጂኒያ ላይ 5.8 ደርሶ የዋሽንግተንን ሐውልት የሰነጠቀው ትዝ ይበለው። ለብቻው ትገዙታላችሁ ወይ የሚለው የየራሳችሁ ነው፤ እኔ በግሌ ከእሱ በፊት ድሬይኑን እገዛለሁ።

ኤጀንቱ ሲደውል እንግዲህ «ቸኩያለሁ፣ በኢሜይል ላክልኝ» በሉት። የሚልከው የዋጋ ማጠቃለያ ሳይሆን ሙሉው ዴክላሬሽን ፔጅና የኢንዶርስመንቶቹ ዝርዝር ይሁን። መልሳችሁ ጻፉለት፦ ጣሪያው የሚከፈለው በአዲስ ዋጋ ነው ወይስ እርጅናው ተቀንሶ? ለነፋስ ዲደክቲብሉ በዶላር ስንት ነው? የድሬይንና የሳምፕ ፓምፕ ሽፋን አለ፣ እስከ ስንት? አሁን ካለኝ ፖሊሲ የወጣ ነገር ምንድን ነው? በቃል «ፉል ካቨሬጅ ነው» ቢል ክሌም ቀን ማንም አያስታውስላችሁም፤ በኢሜይል የጻፈው ግን ይቆያል። ማመልከቻውን ሳትፈርሙ በፊት እያንዳንዱን መልስ አንብቡ፤ ሐሰት ካለበት አስተካክሎ እንዲልክ አድርጉ፤ ዋጋው ወደ ላይ ከተመለሰ እንግዲህ ቅናሹ ከየት እንደመጣ አወቃችሁ።

ለመቀየር ከወሰናችሁ አዲሱ ፖሊሲ የሚጀምርበትን ቀን በወረቀት ሳትይዙ አሮጌውን አትሰርዙ፤ ለሞርጌጅ ባንካችሁም ራሳችሁ ላኩለት። ባንኩ ኢንሹራንስ የላችሁም ብሎ ካሰበ የራሱን ገዝቶ በኤስክሮ (ከሞርጌጁ ጋር ለታክስና ለኢንሹራንስ በምትከፍሉት) ያስከፍላችኋል፤ ያ ውድ ነው፣ የሚጠብቀውም የባንኩን ብድር እንጂ የእናንተን ዕቃ አይደለም።

ቀድማችሁ የፈረማችሁና አሁን ያልተገባ ነገር ያያችሁ ካላችሁ፣ አሮጌው ኩባንያ መልሶ ይቀበላችሁ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ባይሆን የጎደለውን ኢንዶርስመንት በዓመቱ መሀልም ማስጨመር ይቻላል። ክሌም ተከልክላችሁ ከሆነ የትኛውን የፖሊሲ አንቀጽ ጠቅሰው እንደከለከሉ በደብዳቤ ጠይቁ፤ መልሱ ካላጠገባችሁ፣ ወይም ኤጀንቱ ማመልከቻችሁን በሐሰት ሞልቶት ከሆነ፣ በሜሪላንድ ለሜሪላንድ ኢንሹራንስ አድሚኒስትሬሽን፣ በቨርጂኒያ ለስቴቱ የኢንሹራንስ ቢሮ፣ በዲሲ ለኢንሹራንስ፣ ሴኩሪቲስና ባንኪንግ ዲፓርትመንት አቤት በሉ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጠበቃም አያስፈልገውም። ማመልከቻውንና ኢሜይሎቹን አያይዛችሁ ላኩ።