የቀበሌው ወይስ የወረዳ ከተማው ሁለተኛ ደረጃ?

በጎጃም ገጠር 8ኛ ክፍልን ያለፈ ልጅ ወይ ቀበሌው አቅራቢያ፣ ወይ ወረዳ ከተማ ይማራል። የቅርቡ ትልቁ ጥቅም ልጁ ቤቱ ማደሩ ነው። ከተማ የሚማረው ቤት ይከራያል፣ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይሄዳል፤ እንጀራው ሐሙስ ሳይደርስ ይሻግታል፣ ስለዚህ በሶና ድርቆሽ ይጨመርለት። ለሴት ልጅ የኪራይ ቤቱ በርና ቁልፍ አስቀድሞ ይታይ፤ ይህ ችላ የሚባል ነገር አይደለም። ቅርብ የሚማረው ግን በኅዳር አጨዳ ከክፍል ይቀራል።

የቅርቡ ድክመት የሚብሰው 11ኛ ክፍል ላይ ነው። የፊዚክስ መምህር ከሌለና ቤተ ሙከራው ከተቆለፈ፣ በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶ ማምጣት ይከብዳል። ስለዚህ 9ኛና 10ኛን በቅርብ፣ 11ኛን ከተማ ማስተማሩ ይሻላል፤ መልቀቂያው በክረምት ይውጣ።