የማርቆስ ሱቅ ወይስ የሰቨን ኢለቨን መንገድ?

ደብረ ማርቆስ ላይ ሱቅ ልክፈት ለሚል ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀምጥለት።

በብዙ አገር ትናንሽ ሱቆች ያሉት ሰቨን ኢለቨን እ.ኤ.አ. በ1927 ዳላስ፣ ቴክሳስ ውስጥ በረዶ ከሚሸጥ ድርጅት ነው የተነሣው፤ ከበረዶው ጎን ወተት፣ ዳቦና እንቁላል ጨመረ። በ1946 የዛሬ ስሙን የያዘው ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ስለሚሠራ ነው (በእነሱ ሰዓት 7 እና 11 መሆኑ ነው)። በ1960ዎቹ ፍራንቻይዝ (ሌላ ሰው በኩባንያው ስምና አሠራር ሱቅ የሚያካሂድበት ውል) ገባበት፣ በ1974 ቶኪዮ ደረሰ፤ አሁን ባለቤቱ ጃፓናዊ ኩባንያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱንና መሣሪያውን ያቀርባል፤ ባለሱቁ ከጠቅላላ ትርፉ ያካፍለዋል።

የኛ ባለሱቅ ከኪራይና ከግብር በቀር ለማንም አያካፍልም። ስኳር በሩብ ኪሎ፣ ሻማ በፍሬ ይሸጣል። ዋናው ጉልበቱ ግን ዱቤው ነው። ጥጉ በታጠፈው ደብተር ላይ «የአስተማሪው ቤት፣ 2 ሳሙና» ይላል፤ ደመወዝ ሲወጣ ይሰረዛል። ይህን የትኛውም የፍራንቻይዝ ውል አይተካውም። በሌላ በኩል ባለሱቁ ከታመመ ሱቁ ይዘጋል፤ ዕቃ ሲወደድም ብቻውን ነው።

እኔ ብሆን የራሴን ከፍቼ፣ የትኛው ዕቃ መቼ እንደሚሸጥ አንድ በአንድ መመዝገቡን ከጃፓኖቹ እቀዳለሁ።