የዌልስ ባላባት አርማ ያለበት ብር፦ ትልቁ ትሪ ወይስ ትንሹ ማንኪያ?

ብር ስል ገንዘቡን ሳይሆን ማዕድኑን ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር አሮጌ የብር ዕቃ ከጨረታ እንደምገዛ የሰሙ ጓደኞቼ «አርማ የተቀረጸበት ትልቅ ትሪ አገኘን፣ እንግዛው?» እያሉ ስለሚደውሉ መልሴን አንዴ ልጻፈውና ልረፍ። አትግዙት። በዚያው ገንዘብ ማንኪያ ግዙ።

እኔ ትሪውን ገዝቼ ነው የነቃሁት። 190 ፓውንድ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የአጫራቹ ድርሻ ሩብ ያህል ተደፋበት። መሃሉ ላይ ሦስት ንስሮች አሉ። ሻጩ «የዊንስቴዮቹ የዊን ቤተሰብ ነው» አለኝ፤ ዊንስቴይ ሰሜን ዌልስ ያለ የባላባቶቹ ርስት ነው። ሰር ዋትኪን ዊልያምስ-ዊን ማለት ታዋቂው የ18ኛው ክፍለ ዘመን አርክቴክት ሮበርት አዳም የብር ዕቃ የነደፈላቸው፣ ከዕቃው ዛሬም በዌልስ ዋና ከተማ ካርዲፍ ሙዚየም ውስጥ የሚታይላቸው ሰው ናቸው፤ ልቤ ቀለጠ። ግን ንስሮቹ የጥንቱ የሰሜን ዌልስ ገዥ የኦዋይን ግዊነድ አርማ ተብለው የሚታወቁ ናቸው፣ ከእሱ እንወለዳለን የሚሉ ቤቶችም ይጋሩታል። ዌልስ ላይ አንድ አርማ ብዙ ቤት ያዛምዳል። ስለዚህ ሻጭ የቤተሰብ ስም ስለጠራ ብቻ አንድ ፓውንድ አትጨምሩ።

ወር ሳይሞላ ጠርዙ ቀላ። መዳብ! ሻጩ ግን የድሮ የሼፊልድ ሥራ ነው ብሎኝ ነበር፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ የተጀመረው፣ ብርና መዳብ በእሳት ተጣብቀው የሚሠራው። እዚያ ላይ ቢቀርጹ መዳቡ ብቅ ስለሚል፣ ጥሩዎቹ ሠሪዎች አርማው የሚያርፍበትን ቦታ በብር ቁራጭ ያጠናክሩት ነበር፤ እፍ ሲሉበት የቁራጩ ዳር በእንፋሎቱ ውስጥ ይታያል። የእኔን እፍ ብል፣ እፍ ብል፣ ምንም። ከ1840 ወዲህ የመጣው በኤሌክትሪክ የሚቀባው ዓይነት ነው። መልሶ ለማስቀባት 220 ፓውንድ ጠየቁኝ። ተውኩት፤ አሁን ሲኒ ይደረደርበታል።

ማንኪያዎቹ ስድስት ናቸው፣ እጀታቸው ላይ ከአርማው አናት የተወሰደች ትንሽ ምልክት ብቻ አለች። ከነአጫራቹ ድርሻ 240 ፓውንድ። ስመዝናቸው 390 ግራም፣ ከሺህ እጅ 925ቱ ብር ስለሆነ በ0.925 ሲባዛ 360 ግራም ንጹሕ ብር፤ በዕለቱ ተመን 210 ፓውንድ ገደማ። ምልክቷ የማንም ትሁን፣ የከሰርኩት ቢበዛ 30 ነው። ትሪው ላይ ይህን ሒሳብ ሞክሩት እስቲ!

ዕቃው ላይ የተመታውን የብር ጥራት ማኅተም ግን እዩ። የሚራመደው አንበሳ 925 ማለት ነው። የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከ1784 እስከ 1890 ባለው ጊዜ ቀረጥ የተከፈለበት ነው። ለሰሜን ዌልስ ቅርብ የነበረው የቼስተር ማኅተም ቤት (ብር ተፈትኖ ማኅተም የሚመታበት) በ1962 ስለተዘጋ፣ የእሱ ማኅተም ያለበት ዕቃ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ማኅተሙን ከትንሽ ዕቃ ቆርጠው ትልቅ ላይ የሚበይዱ አሉ፤ እዚህም እፍ በሉበት፣ የብየዳው መስመር ይወጣል። አርማው የነበረበትን ቦታ በአውራ ጣት ጫን አድርጉ፤ ከገባ የድሮው አርማ ተፍቆ ሳስቷል ማለት ነው። ግራጫ የእርሳስ ብየዳ ካያችሁ ደግሞ ዋጋ ሳትጠይቁ ውጡ፣ ሙቀት ሲያገኘው ብሩን ይበላዋል፣ አንጥረኛም ደስ ብሎት አይነካውም።

መቅረዝ ለምትጠይቁኝ፦ ብዙዎቹ እግራቸው ውስጥ ዝፍት ወይም ጀሶ ተሞልቷል። በሚዛን እንዳትገዙ።